አራተኛው ልባስ

አርባ ዓመት ሙሉ ዘይት ነው የቀባሁ፤
በተልባ፣ በጨርቅ፣ በመዳፌ ያሸሁ።
ኖሊን ትለምነኛለች፦ "አንዱን እንኳን ወልውለው፣
ቁም ሳጥኑ ላይ ሆኖ ፊቴን እንዳየው።"
"እንጨት መስታወት አይደለም" እያልሁ ስመልስ፤
"ላከር የሰነፍ ነው፣ የፕላስቲክ ልብስ።"

በሁዎን ሸለቆ፣ ከወንዙ ማዶ፣
ደረቅ ቀን ብርቅ ነው፤
ሰማዩ ዝናብ ነው፣ ካልሆነም በረዶ።

አምና በፖም ለቀማ ሐኪም ቤት ሄደች፤
ከዓይኗ መሃል ላይ አንዲት ጥላ በቀለች።
"ሜርቭ፣ ቀጥ ብዬ ሳይህ ፊት የለህም" አለች፤
"ጆሮህ ግን በቦታው አለ፣ ምን ይሳነዋል!" ብላ ሳቀች።

ብልጭታ ብቻ ነው ከዳር የሚደርሳት፦
የማንኪያ ጀርባ፣ የቧንቧው አናት፣
የጎረቤት መኪና በሩ ሲከፈት።
የእኔ ሥራ ሁሉ ግን፣ ያ ሁሉ ድካሜ፣
እንጨት በእንጨት ላይ፣ ጠረጴዛው ዋጠው።
በእጇ እየዳበሰች ትፈልገዋለች፤
ባለፈው ማክሰኞ አንዱን ገፍታ ጣለች።

እናም በሰባ ሦስት ዓመቴ
አንድ ቆርቆሮ ላከር ገዛሁ፣ ግልጽ፣ አንጸባራቂ።
ሻጩ ልጅ ዴክላን ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ።
"ለማን ነው?" አለኝ።
"ዝም ብለህ ሽጥ" አልሁት።

ጥቁር ግራር መረጥሁ፤ ቶርኖው ላይ አስሬ፣
በመሮ ጎደጎድሁ፣ ጠርዙን አሳምሬ።
ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራው፣ ለስላሳው፣
ጥፍሬ አንድ ጭረት እስኪያጣ ስዳስሰው።
ዘይት ይቅር ይላል። ላከር ይቅር አይልም፤
ያለፍኸውን ጭረት አጉልቶ ያወጣል እንጂ አይሸፍንም።

ሰጋቱራውን ጠረግሁ፣ በሩን ከፈትሁ፤
የኖሊንን አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ከመጋዘን አወጣሁ።
መርፌ የለውም፣ ግን ይዞራል።
ገበቴውን መሃሉ ላይ አስቀመጥሁ።

ቆርቆሮውን ናጥሁ፤ ውስጡ ያለችው ኳስ
ቃ፣ ቃ፣ ቃ እያለች፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ።
ከእንጨቱ ውጪ ጀምር፣ ከእንጨቱ ውጪ ጨርስ፤
ክንድህን አታቁም፣ አትጓጓ፣ አትመለስ።
ይህን ያስተማረኝ ዴክላን ነው፤ ሃያ ዓመቱ ነው።
አልተከራከርሁም።

የመጀመሪያው ልባስ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቸኩዬ ረጨሁት፤
ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ሆኖ መሃሉ ላይ ተኛ።
የወንዙ እርጥበት ነው፣ አውቃለሁ።
ግን ቆሜ አየሁት፣ ረጅም ጊዜ።
እሷ የምታየው እንዲህ ይሆን?

ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ፀሐይ ወጣ፤
ጭጋጉን በወረቀት ፈግፍጌ አነሣሁት።
ሁለተኛው ልባስ፣ ቀጭን፣ እንደ ትንፋሽ።
ሩብ ሰዓት። ሻይ። ሬዲዮው ላይ የክሪኬት ውጤት።
ሦስተኛው። እንጨቱ ከውስጥ ቀላ፣
ዘይቴ ያላሳየኝ የእሳት መስመር አወጣ።

አራተኛው ላይ ጓጓሁ።
ሊያልቅ ነው ብዬ ጠጋ አልሁ፣ እጄም ዘገየ፤
በገበቴው ጎን አንድ ጠብታ ወረደ፣ ቆመ፣ ታየ።
ተሳደብሁ። ጣሪያው ላይ የነበረ ቁራ ተነሥቶ በረረ።

ሳምንት ሙሉ ሸተተ። ሽታው ሲተው
ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት፣ ምንም ሳልናገር።
ከበሩ ገባች። ቆመች። አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለች፣
እንደ ዶሮ ነው የማየው ትላለች ራሷ።
"መስኮቱን ማን አወረደው?" አለች።

ወንበሩን ሳትነካ ቀጥ ብላ ሄዳ ያዘችው፤
ዙሪያውን ዳሰሰች።
ጣቷ ጠብታው ላይ ደረሰና ቆመ።
"ይሄስ?"
"ስሕተቴ ነው። ነገ እሞርደዋለሁ።"
"ተወው" አለች፤ "ፊቱ የት እንደሆነ በእሱ ነው የማውቀው።"

ከኪሷ የቤቱን ቁልፍ አውጥታ ወረወረችበት።
ቁልፉ አዲሱን ላከር ጫረው።
ዝም አልሁ።